ጉልበታም መኪና በወጣት እጅ፦ እምነቱ መቼና እንዴት ይሰጥ?

ጥር በገባ ቁጥር በየከተማው አስፋልት ላይ የሠርግ አጀብ ይበዛል። ከፊት የቪዲዮ ቀራጩን የጫነች መኪና፣ ቀጥላ በአበባ ያጌጠችው የሙሽሮቹ መኪና፣ ከኋላ ደግሞ የሚዜዎችና የዘመድ አዝማድ መኪኖች ጡሩምባቸውን እያሰሙ ይከተላሉ። መሪ ከጨበጡት መካከል ብዙዎቹ የሙሽራው እኩዮች ናቸው። አንዱ መንጃ ፈቃድ ካወጣ ገና ሦስት ወሩ ነው፤ የያዛት መኪናም የአጎቱ ናት። ሌላው ለዕለቱ የተከራያትን መኪና ከዚያ ቀን በፊት ነድቷት አያውቅም። በመስኮት ወገባቸውን አውጥተው የሚጨፍሩት ጓደኞቹ «ቅደመው! ቅደመው!» ይሉታል። በዚያው ሰዓት በዚያው መንገድ ዳር ከገበያ የሚመለሱ እናቶች፣ በጎቻቸውን የሚነዱ አርሶ አደሮችና ከትምህርት ቤት የወጡ ሕፃናት ይጓዛሉ።

አብዛኛውን ጊዜ ሠርጉ በሰላም ይጠናቀቃል። አንዳንድ ቀን ግን እልልታው ወደ ለቅሶ ይለወጣል። ያን ጊዜ ከድንኳኑ ሥር የሚነሣው ጥያቄ ተመሳሳይ ነው፦ «ለመሆኑ ለዚህ ልጅ ይህን መኪና ማን ሰጠው?»

ጥያቄው ተገቢ ቢሆንም የሚነሣው ዘግይቶ ነው። መነሣት የነበረበት ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ወጣት አሽከርካሪ ጉልበታም መኪና ሊታመንበት ይገባል ወይስ አይገባም? የብዙ አገሮች ተሞክሮ፣ የተፈጥሮ ሕግጋትና የአገር ቤት ልማድ በዚህ ላይ የሚሉት አላቸው።

«ጉልበታም» ሲባል ምን ማለት ነው?

በሌላው ዓለም ይህ ጉዳይ ሲነሣ ብዙዎች የሚያስቡት ለውድድር የተሠሩ የሚመስሉ፣ ዋጋቸው የማይቀመስ የስፖርት መኪኖችን ነው። በእኛ አገር ግን እንዲህ ያለ መኪና በመንገድ ላይ እምብዛም አይታይም። የሀገራችን ወጣት የሚጨብጠው ጉልበታም መኪና ሌላ ነው።

የሞተር ጉልበት የሚለካው በፈረስ ጉልበት ወይም በኪሎ ዋት ነው። በከተሞቻችን እጅግ የተለመደችው ባለ 1000 ሲሲ ቪትዝ 70 ያህል የፈረስ ጉልበት አላት፤ ክብደቷም ወደ አንድ ቶን ይጠጋል። በአንጻሩ በግንባታ ቦታዎችና በረጅም መንገዶች ላይ የሚታዩት፣ በተለምዶ ሲኖትራክ የሚባሉት ገልባጮች በርካቶቹ 371 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር የተገጠመላቸው ናቸው። ከነጭነታቸው ሲመዘኑ ደግሞ የቪትዟን ክብደት ብዙ እጥፍ ያጥፉታል። በመካከል አይሱዙ አለ። በሌሊት ጉዞውና በፍጥነቱ የተነሣ ሕዝቡ «አልቃይዳ» የሚል ቅጽል እስከ ማውጣት የደረሰለት መኪና ነው። ሕዝብ የሚጭነው ሚኒባስም አለ፤ ሞተሩ ከገልባጩ ጋር የሚወዳደር ባይሆንም የተሸከመው የሰው ነፍስ ነው።

ስለዚህ የመኪና ጉልበት ሲመዘን የሞተሩን ኃይል ብቻ ማየት አይበቃም። የመኪናው ክብደት፣ የጫነው ነገርና የሚያልፍበት መንገድ አብረው ይታያሉ። በገበያ ቀን በሰው መካከል የሚያልፍ አሮጌ አይሱዙ ባዶ ጎዳና ላይ ከሚሮጥ የስፖርት መኪና የበለጠ ጥፋት ሊያደርስ ይችላል።

እጁ ፈጣን፣ ዓይኑ ገና

በአካል ብቃት ቢሆን ኖሮ ከወጣት የተሻለ አሽከርካሪ አይገኝም ነበር። የ20 ዓመት ወጣት ዓይኑ የጠራ፣ እጁና እግሩ ፈጣን ነው፤ ሌሊት የሚመጣ መብራትም ከአባቱ ይልቅ ለእርሱ አያስቸግረውም። ይሁን እንጂ የዓለም ጤና ድርጅት መረጃ እንደሚያሳየው ዕድሜያቸው ከ5 እስከ 29 ዓመት የሆናቸውን ልጆችና ወጣቶች ከሚገድሉ ምክንያቶች ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 1 ነጥብ 19 ሚሊዮን ያህል ሰዎች በዚሁ አደጋ ይሞታሉ፤ ከእነዚህም ከአሥሩ ዘጠኙ ዝቅተኛና መካከለኛ ገቢ ባላቸው አገሮች የሚኖሩ ናቸው።

የወጣት አሽከርካሪ ችግር በአብዛኛው መሪ መያዝ አለመቻል አይደለም። መሪ መያዝ፣ ማርሽ መቀያየርና ፍሬን መርገጥ በጥቂት ሳምንታት ይለመዳል። ዓመታት የሚጠይቀው አደጋን አስቀድሞ ማየት ነው። ልምድ ያለው አሽከርካሪ ግልገል መንገድ ስታቋርጥ ካየ እናቷ እንደምትከተል ያውቃልና ያቆማል። የቆመ አውቶብስ ካየ ከፊቱ ድንገት የሚሻገር ሰው እንዳለ ይጠረጥራል። ጭነት የተሸከመች አህያ በጡሩምባ እንደማትነሣ፣ ይልቁንም ደንግጣ ወደ መሐል ልትገባ እንደምትችል ይገምታል። አዲሱ አሽከርካሪ ግን የሚያየው ፊት ለፊቱ ያለውን ብቻ ነው፤ የሚመጣውን ገና አያነብም።

ሁለተኛው ምክንያት ከአእምሮ ዕድገት ጋር የተያያዘ ነው። መዘዝን አስቀድሞ የሚመዝነውና ስሜትን የሚገታው የፊተኛው የአእምሮ ክፍል ዕድገቱን የሚጨርሰው ከ20 ዓመት ዕድሜ በኋላ፣ ወደ 25 ዓመት ገደማ ነው። ሦስተኛው ምክንያት ጓደኛ ነው። በአሜሪካ በወጣት አሽከርካሪዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳመለከቱት መኪናው ውስጥ የእኩያ ተሳፋሪ ቁጥር በጨመረ መጠን ለሞት የሚያበቃ አደጋ የመድረስ ዕድሉም ይጨምራል። አብሮ የሚጓዘው ሰው በዕድሜ የበሰለ ሲሆን ግን አደጋው ይቀንሳል። የሠርጉ አጀብ አደገኛ የሚሆነውም ለዚህ ነው፤ ልምድ ማነስ፣ የእኩያ ግፊትና የማይታወቅ መኪና በአንድ ላይ የሚገናኙበት ነውና።

ሌላም ትኩረት የሚሻ ነገር አለ። አስተማሪ አጠገቡ ተቀምጦ የሚለማመድ ሰው አደጋ የሚያደርሰው ከስንት አንዴ ነው። አደጋው በድንገት የሚያሻቅበው ፈቃዱን ይዞ ብቻውን መንዳት በጀመረባቸው የመጀመሪያዎቹ ወራት ነው። ከዚያ በኋላ ልምድ ሲካበት እየቀነሰ ይሄዳል። ስለዚህ ወላጅ «ልጄ ፈቃድ አወጣ፤ አሁንስ አረፍሁ» የሚልበት ቀን ይበልጥ ሊጠነቀቅ የሚገባው ቀን ነው።

በፍጥነት ላይ የሚደበቀው ሒሳብ

አንድ አውቶሞቢል በሰዓት 40 ኪሎ ሜትር ሲጓዝ በየሰከንዱ 11 ሜትር ይሄዳል። አሽከርካሪው ከፊቱ ሕፃን ሲገባ አይቶ እግሩን ወደ ፍሬን እስኪወስድ አንድ ሰከንድ ያህል ቢፈጅበት መኪናው በዚያች ሰከንድ 11 ሜትር ይጓዛል። ከዚያም በደረቅ አስፋልት ላይ፣ ፍሬኑና ጎማው ደህና ከሆነ፣ ለመቆም 9 ሜትር ያህል ይፈልጋል። በድምሩ 20 ሜትር ላይ ይቆማል።

ያው መኪና በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር ቢጓዝስ? በመጀመሪያዋ ሰከንድ 22 ሜትር ይሄዳል። ይህም ማለት የመጀመሪያው መኪና ፈጽሞ በቆመበት ቦታ ላይ ሁለተኛው መኪና ፍሬን መያዝ እንኳ አልጀመረም። ከጀመረ በኋላ ደግሞ 36 ሜትር ያህል ይፈልጋል፤ በድምሩ ወደ 58 ሜትር ማለት ነው። ፍጥነቱ በእጥፍ ሲያድግ የመቆሚያው ርቀት ወደ ሦስት እጥፍ ይጠጋል። መንገዱ ዝናብ ከመታው፣ ጎማው ካለቀ ወይም መኪናው ጭነት ከበዛበት ርቀቱ ከዚህም ይረዝማል።

በእግረኛ ላይ የሚደርሰው ጉዳት ደግሞ ከዚህ የከፋ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው መኪና በሰዓት 65 ኪሎ ሜትር የገጨው እግረኛ የመሞት ዕድሉ በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር ከተገጨው በአራት እጥፍ ተኩል ይበልጣል። በመካከላቸው ያለው የ15 ኪሎ ሜትር ልዩነት ለአሽከርካሪው ብዙም አይታወቀውም። ጉልበታም ሞተር ልዩነቱን በጥቂት ሰከንዶች ይሞላዋል፤ ልምድ የሌለው እግርም ሳያውቀው ያልፈዋል።

ቁልቁለት ጉልበት አይጠይቅም

ከጎሐ ጽዮን ወደ ዓባይ ድልድይ፣ ከጣርማ በር ወደ ደብረ ሲና፣ ከደባርቅ በሊማሊሞ በኩል ወደ ቆላው የሚወርድ ሰው አንድ ነገር ያስተውላል። አቀበቱን የሚያወጣው የሞተር ጉልበት ነው፤ ቁልቁለቱን በሰላም የሚያስወርደው ግን የአሽከርካሪው ጥበብ ነው።

ከዓባይ በረሃ አፋፍ እስከ ድልድዩ ያለው መውረጃ ቁመቱ ከአንድ ሺህ ሜትር ይበልጣል። ከነጭነቱ 30 ቶን የሚመዝን መኪና አንድ ሺህ ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ኃይል ያንኑ መኪና በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ከሚሮጥበት ፍጥነት 70 ጊዜ ያህል ከማቆም ጋር ይስተካከላል። ከዚህ ኃይል ከፊሉን ነፋስና ጎማ ይቀንሱታል፤ የቀረውን ግን አንድ ነገር ሊሸከመው ግድ ነው። አሽከርካሪው ከላይ ጀምሮ በከባድ ማርሽ ከወረደ ሞተሩ ራሱ መኪናውን ወደ ኋላ ይይዘዋል። ነዳጅ ለመቆጠብ ማርሹን ዜሮ አድርጎ፣ ወይም በቀላል ማርሽ እየተንደረደረ ከወረደ ግን ሸክሙ ሁሉ ፍሬን ላይ ያርፋል። ፍሬኑ ይግላል፣ ይጨሳል፣ በመጨረሻም አልይዝ ይላል። ከአደጋ በኋላ «ፍሬን እምቢ ብሎት ነው» ከሚባሉት ታሪኮች አንዳንዶቹ የተጀመሩት ገና ከአፋፉ ላይ፣ በተሳሳተ ማርሽ ነው።

ይህን ማንም ወጣት ጠፍጣፋ ሜዳ ላይ ሊማረው አይችልም። ቁልቁለቱን አብሮት የሚወርድ፣ «አሁን ማርሽ ቀንስ» የሚለው ሰው ያስፈልገዋል።

ድምፅ የሌለው ጉልበት

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን ካስታወቀ ወዲህ በከተሞች የኤሌክትሪክ መኪኖች ቁጥር እየጨመረ መጥቷል። ይህ ለአየሩ ንጽሕናም ሆነ ለነዳጅ ወጪ የሚበጅ ነው። በወጣት አሽከርካሪ ረገድ ግን አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል።

በየመንገዱ ከሚታዩት የኤሌክትሪክ መኪኖች መካከል አንዳንዶቹ እንደ ቪትዝ አነስተኛ ኃይል ያላቸው ናቸው። ሌሎቹ ግን 150 ኪሎ ዋት፣ ማለትም 200 ገደማ የፈረስ ጉልበት አላቸው፤ ከባትሪያቸው ጋር ክብደታቸው ወደ ሁለት ቶን ይደርሳል ወይም ከዚያ ያልፋል። የነዳጅ መኪና ጉልበቱን የሚሰጠው ሞተሩ እየጮኸ፣ ማርሹ እየተቀየረ፣ ቀስ በቀስ ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ግን ፔዳሉ እንደተረገጠ ኃይሉን በአንድ ጊዜ ይለቀዋል። ድምፅም የለውም፤ አሽከርካሪው ከሞተሩ ጩኸት ፍጥነቱን አይገምትም፣ ጀርባውን ሰጥቶ የሚሄድ እግረኛም መኪናው መምጣቱን በጆሮው አይሰማም።

በአሮጌ መኪና መንዳት ተምሮ ፈቃድ ያወጣ ወጣት በማግስቱ እንዲህ ያለ መኪና ቢይዝ ሕጉ የሚያውቀው ሁለቱንም በአንድ ስም፣ «አውቶሞቢል» ብሎ ነው። ልዩነቱን የሚያውቀው የመኪናው ባለቤት ነውና ኃላፊነቱም በእርሱ ላይ ይወድቃል። ደግነቱ በርካቶቹ የኤሌክትሪክ መኪኖች የኃይል አሰጣጡን የሚያለዝብ የቁጠባ ስልት አላቸው፤ አንዳንዶቹም ከተወሰነ ፍጥነት በላይ እንዳይሄዱ ሊገደቡ ይችላሉ። ቁልፉን ለልጁ የሚሰጥ ወላጅ ይህን ማስተካከያ አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ሌሎች አገሮች ምን አደረጉ?

ኒውዚላንድ እ.ኤ.አ. በ1987 ፈቃድን በደረጃ የመስጠት ሥርዓት ጀመረች። ተማሪው መጀመሪያ ከበሰለ አሽከርካሪ ጋር ብቻ ይነዳል። ቀጥሎ የተገደበ ፈቃድ ያገኛል፤ በዚህ ጊዜ ብቻውን መንዳት ቢችልም ከምሽቱ አራት ሰዓት እስከ ንጋቱ አሥራ አንድ ሰዓት እንዲሁም ተሳፋሪ ይዞ ያለ ተቆጣጣሪ መንዳት አይፈቀድለትም። ይህን ሳያጠፋ ከጨረሰ በኋላ ሙሉ ፈቃድ ይሰጠዋል። ሥርዓቱን ሌሎች አገሮችና የአሜሪካ ግዛቶችም በየመልኩ ወስደውታል፤ በጀማሪዎች ላይ የሚደርሰውን አደጋ እንደቀነሰም በተደጋጋሚ ታይቷል።

ጣሊያን በሌላ መንገድ ሄዳለች፤ ለአዲስ አሽከርካሪ የመኪናውን ኃይል ገደበች። እ.ኤ.አ. ከ2024 መጨረሻ ወዲህ ፈቃድ ያወጣ ሰው ለሦስት ዓመት ከ105 ኪሎ ዋት በላይ ኃይል ያለው አውቶሞቢል ማሽከርከር አይችልም። ቀደም ሲል ገደቡ ጠበቅ ያለ ቢሆንም የሚጸናው ለአንድ ዓመት ብቻ ነበር። የአውሮፓ ኅብረት በሞተር ሳይክል ላይ እንዲሁ በደረጃ ይሄዳል፤ ጀማሪው በአነስተኛ ሞተር ይጀምርና በዕድሜና በልምድ ወደ ጉልበታሙ ይሸጋገራል። በአውስትራሊያ የደቡብ አውስትራሊያ ግዛት ደግሞ እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ እጅግ ጉልበታም የሆኑ መኪኖችን የሚነዳ ሰው፣ ወጣትም ይሁን ሽማግሌ፣ ተጨማሪ ፈቃድ እንዲኖረው አስገድዳለች።

ከእነዚህ ተሞክሮዎች የሚወጣው ትምህርት ሚዛናዊ ነው። የሞተርን ኃይል ብቻ መገደብ የሚሰጠው ጥቅም ውስን ነው፤ ምክንያቱም አብዛኛው ወጣት አደጋ የሚያደርሰው በተራ መኪና ነው። ይበልጥ ውጤት ያሳየው ጀማሪው የሚነዳበትን ሁኔታ፣ ማለትም ሌሊቱን፣ የእኩያ ተሳፋሪውንና ብቻ መሆኑን መገደብ ነው።

ወይፈኑና ረዳቱ

በደረጃ ማመን ለዚህ አገር ሕዝብ እንግዳ ነገር አይደለም። አርሶ አደሩ ወይፈኑን ሲገራ ከሌላ ወይፈን ጋር አያጠምደውም፤ ከሠለጠነ በሬ ጎን ያቆመዋል። ልጁንም እርፍ ሲያስይዝ ድንጋያማና ገደላማ ማሳ ላይ አይጀምርለትም፤ አስቀድሞ በታረሰ ለስላሳ መሬት ላይ፣ ራሱ አጠገቡ ሆኖ ያለማምደዋል። ወይፈኑ ጉልበት ስላነሰው አይደለም እንዲህ የሚደረገው፤ ጉልበቱን ገና በሥርዓት ስለማይጠቀምበት ነው።

በመኪናው ዓለምም እንዲሁ ነበር። የቀድሞ የከባድ መኪና አሽከርካሪዎች ብዙዎቹ ያለፉት በረዳትነት ነው። ረዳቱ ጎማ ይፈታል፣ አቀበት ላይ ታኮ ያደርጋል፣ ጭነት ያስራል፣ ሌሊት ከሹፌሩ ጎን ተቀምጦ ያወራል። ዓመታት ሲያልፉ መንገዱን በዓይኑ ይማራል፤ የት ቁልቁለት እንዳለ፣ በየትኛው ከተማ የገበያ ቀን መቼ እንደሆነ፣ ጭጋግ የሚወርድበትን ሰዓት ያውቃል። ከዚያ በኋላ ነው መሪ የሚጨብጠው።

ይህ ልማድ እንከን አልነበረውም። ሹፌሩ ሲደክመው ፈቃድ ለሌለው ረዳት መሪ ይለቅ ነበር፤ ዛሬም የሚለቅ አለ። ፈቃድ የሌለው ረዳት መነኻሪያ ውስጥ መኪና ሲያንቀሳቅስ ሰው የሚገጭበት አጋጣሚም አለ። ዛሬ የሥልጠና ተቋማትና የፈቃድ ደረጃዎች መኖራቸው ትክክለኛ እርምጃ ነው። አንድ ነገር ግን ጎድሏል፤ በተቋም ውስጥ በጥቂት ወራት የሚጠናቀቀው ሥልጠና ረዳቱ በዓመታት ያካበተውን የመንገድ ዕውቀት ሊተካ አይችልም። የቀድሞውን ልምምድና የአሁኑን ሕጋዊ ሥልጠና ማገናኘት ቢቻል ሁለቱም ይጠቀማሉ።

የወጣቱ ክርክር

ወጣቶች በዚህ ጉዳይ ላይ የሚያቀርቡት ክርክር ተገቢ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። «ልምድ የሌለው አይነዳም ከተባለ ልምዱ ከየት ይምጣ?» ይላሉ። ማሽከርከር ለብዙ ወጣት የዕለት እንጀራ ነው። በሬ ወይም እህል ሸጦ ለልጁ ባጃጅ የሚገዛ አርሶ አደር፣ ከዘመድ ተበድሮ አይሱዙ የሚይዝ ነጋዴ ለቤተሰቡ ተስፋ ሲል ያደረገው ነው። ሥራ ለሌለው ወጣት መሪውን መንፈግ ሌላ ችግር ይወልዳል።

ከዚህም ሌላ ሰክረው የሚነዱ፣ እንቅልፍ እያንጎላጀጃቸው ሌሊቱን የሚጓዙ፣ ከልክ በላይ የሚጭኑ ጎልማሶች ጥቂት አይደሉም። ቀን ሳይደርስ መድረስን የሚያዝዘው ብዙ ጊዜ ወጣቱ ሹፌር ሳይሆን የመኪናው ባለቤት ነው። በምልልስ ብዛት የሚከፈለው አሽከርካሪ ፍጥነት ቢጨምር ጥፋቱ የእርሱ ብቻ ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ወጣትን በጅምላ መጠርጠር ፍትሐዊ አይሆንም። ፍትሐዊ የሚሆነው እምነቱን ከልምዱ ጋር አመጣጥኖ መስጠት ነው።

ሕጉ ባለቤቱን ይጠይቃል

በሕግ አውቶሞቢል ለማሽከርከር ቢያንስ 18 ዓመት መሙላት ያስፈልጋል። የሕዝብ ማመላለሻ፣ የደረቅ ጭነትና የፈሳሽ ጭነት ተሽከርካሪዎች ለየራሳቸው የተለየ የፈቃድ ዓይነት አላቸው፤ ፈቃዱ የማይሸፍነውን ተሽከርካሪ መንዳት ያለ ፈቃድ ከመንዳት አይለይም።

ብዙ ባለቤቶች ልብ የማይሉት ሌላ ድንጋጌ አለ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 2081 የመኪና ባለቤት መኪናው ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ መሆኑን ይደነግጋል። ጉዳቱን ያደረሰው መኪናውን እንዲነዳ ያልተፈቀደለት ሰው ቢሆን እንኳ ባለቤቱ ከኃላፊነት አይድንም፤ የሚድነው ጉዳቱ በደረሰ ጊዜ መኪናው ተሰርቆበት እንደነበር ካስረዳ ነው። ስለዚህ «ልጁ ቁልፉን ሳላየው ወስዶት ነው» የሚለው ምክንያት ባለቤቱን ነጻ እንደሚያወጣ አድርጎ መተማመን አይገባም።

ለአሽከርካሪው ደግሞ የወንጀል ሕጉ አለ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ አንቀጽ 543 በቸልተኝነት ሰውን መግደልን ይቀጣል። አጥፊው ግልጽ የሆነ ደንብን ሆን ብሎ ጥሶ ወይም ሁለትና ከዚያ በላይ ሰዎችን ገድሎ ከተገኘ ቅጣቱ ከ5 እስከ 15 ዓመት የሚደርስ ጽኑ እስራት ነው። በ20 ዓመቱ እንዲህ ያለ ፍርድ የተፈረደበት ወጣት የጉልበት ዘመኑን በማረሚያ ቤት ያሳልፋል። የሟች ቤተሰብ ልጁን፣ የገዳይም ቤተሰብ ልጁን ያጣሉ።

ቁልፉ ከመሰጠቱ በፊት

ወላጅም ሆነ የመኪና ባለቤት አዲስ ሕግ ሳይጠብቅ ዛሬውኑ ሊያደርጋቸው የሚችላቸው ነገሮች አሉ።

አንደኛ፣ ፈቃድ ካወጣበት ቀን ጀምሮ ቢያንስ ለመጀመሪያዎቹ ስድስት ወራት ወጣቱ ከበሰለ አሽከርካሪ ጋር ይንዳ። አብሮት የሚቀመጠው ሰው ስልኩን የሚመለከት ሳይሆን መንገዱን የሚመለከት መሆን አለበት።

ሁለተኛ፣ መንገዱ በደረጃ ይሁን። መጀመሪያ ቀን ቀን በሚታወቅ መንገድ፣ ቀጥሎ በገበያ ቀን፣ ከዚያ በዝናብ፣ በመጨረሻ በሌሊትና በቁልቁለት። ባዶውን ሳይለማመድ ጭነት፣ ጭነትን ሳይለማመድ ሰው አይጫን።

ሦስተኛ፣ በመጀመሪያው ዓመት እኩዮቹን ሰብስቦ እንዲነዳ አይፈቀድለት። ለሠርግ አጀብ መሪ የሚይዙት ልምድ ያላቸው ሰዎች ይሁኑ፤ በአጀቡ ውስጥም መቀዳደም አስቀድሞ ይከልከል። ይህን ማዘዝ የሚችሉት የሙሽራው ወላጆችና ሽማግሌዎች ናቸው።

አራተኛ፣ መኪና ሲቀየር ሥልጠናው እንደ አዲስ ይጀመር። ከቪትዝ ወደ ኤሌክትሪክ መኪና፣ ከሚኒባስ ወደ አይሱዙ፣ ከአይሱዙ ወደ ተሳቢ የሚሸጋገር ሰው ለአዲሱ መኪና ጀማሪ ነው።

አምስተኛ፣ ባለቤቱ ሹፌሩን በደረሰበት ሰዓት አይመዝነው። በምልልስ ብዛት መክፈል ፍጥነትን መግዛት ነው። ፍሬንና ጎማ ሳይታዩ መኪና አይውጣ፤ «አንድ ጉዞ ያድርስ» የተባለ ያለቀ ጎማ ሰው ሊገድል ይችላል።

ስድስተኛ፣ የኢንሹራንስ ውሉ ይነበብ። የአሽከርካሪው የፈቃድ ዓይነት ከመኪናው ጋር የማይገጥም ከሆነ ባለቤቱ ካሳውን ከኪሱ ሊከፍል ይችላል። ይህን ከአደጋ በኋላ ከመስማት አስቀድሞ መጠየቅ ይሻላል።

በመንገድ ዳር የሚኖረው አርሶ አደርም የበኩሉን ሊያደርግ ይችላል። ከብቶቹን ሲያሻግር ከፊትና ከኋላ ሰው ያቁም፣ ከመታጠፊያ ራቅ ብሎ ያሻግር፣ ሲመሽ በአስፋልቱ ዳር ሲጓዝ የሚታይ ልብስ ይልበስ። ይሁን እንጂ ትልቁ ኃላፊነት ሁልጊዜ ትልቁን ጉልበት በያዘው ላይ ነው።

«ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» የሚለው ተረት ለዚህ ጉዳይ በሚገባ ይስማማል። ወጣት በጉልበታም መኪና ሊታመን ይገባል፤ የነገው የአውቶብስም ሆነ የከባድ መኪና ሹፌር እርሱ ነውና። ነገር ግን እምነቱ እንደ ቁልፉ በአንድ ጊዜ ከእጅ ወደ እጅ የሚወረወር አይሁን። የሚቀጥለው የሠርግ ወር እስኪደርስ ድረስ በየቤቱ አባት ከልጁ፣ ባለቤት ከሹፌሩ ጋር ተቀምጠው ስለዚህ ጉዳይ ቢነጋገሩ፣ ከድንኳኑ ሥር ዘግይቶ የሚነሣው ጥያቄ ሳይነሣ የሚቀርባቸው ቤቶች ይበዛሉ።